ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ፦ የድርሰት ትምህርት በቅኔ ቤት

በትምህርት ቤቶቻችን የአማርኛ መምህር ስለ ግጥም በሚያስተምርበት ክፍለ ጊዜ ተማሪው ስንኝ ምን እንደ ሆነ፣ ሐረግ ከስንኝ በምን እንደሚለይ፣ ቤት መምታት ምን ማለት እንደ ሆነ በደብተሩ ጽፎ ይይዛል፤ በፈተናም ጊዜ የያዘውን መልሶ ይጽፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር በነበረበት ወቅት ይህንኑ ፈተና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጥቶ ውጤቱ መልካም ሆኖ አገኘው። በማግስቱ ግን ስለ ከተማቸው ወንዝ ሁለት መስመር ብቻ ገጥመው እንዲያመጡ ቢያዝ፣ ከክፍሉ የሚበዙት ባዶ ወረቀት ይዘው መጡ። ከቀሩትም አንዳንዶቹ ያቀረቡት በመማሪያ መጽሐፉ የታተመውን ግጥም ቃላቱን ለዋውጠው ነበር። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አለመሆኑን ለመረዳት አቅራቢው ጥቂት ጊዜ ወስዶበታል።

በዚሁ አገር፣ ከዚያ ትምህርት ቤት በእግር በሚደረስበት ደብር፣ መጽሐፍም ደብተርም ሳይኖረው እያንዳንዱን ተማሪ በየቀኑ አዲስ ድርሰት የሚጠይቅ ጉባኤ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል። ይኸውም ቅኔ ቤት ነው። ስለ ቅኔ የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚመለከተው የቅኔውን ምስጢርና ውበት ነው። ቅኔ ቤቱ አንድን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከምንም ተነሥቶ በስምንት ቤት የተዋቀረ መወድስ እስኪያፈልቅ ድረስ በምን ዘዴ እንደሚያደርሰው ግን በትምህርት ባለሙያ ዓይን እምብዛም አልተመረመረም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በዚህ ላይ ያተኩራል።

ቅኔ የሚለው ስም «ቀነየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ መግዛትንና ማስገዛትን ያመለክታል። ሊቃውንቱ ከዚህ ተነሥተው ቅኔን ለፈጣሪ የሚቀርብ አገልግሎት፣ የአእምሮ ግብር አድርገው ይተረጕሙታል። ስለ አጀማመሩ ያለው ትውፊት አንድ አይደለም። አንዳንዱ እስከ ቅዱስ ያሬድ ያደርሰዋል፤ አንዳንዱ የወሎውን ዮሐንስ ገብላዊን፣ ሌላው የጎጃሙን ተዋነይን ይጠራል። የሁለቱንም ዘመን ትውፊቱ በ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ያደርገዋል። የቅኔው ሥርዐት የሚወረስባቸው ዐበይት መንገዶች በዋድላ፣ በጎንጅና በዋሸራ ስም የሚታወቁት ናቸው። የየመንገዱ ደቀ መዛሙርት የእኛ ይበልጣል፣ የእኛ ይጠልቃል ሲሉ ይሟገታሉ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትተን ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመውን ብንመለከት፣ ሦስቱም መንገዶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ተማሪው የሚመዘነው ባወቀው ብዛት ሳይሆን በፈጠረው ነው።

የቅኔ ዓይነቶች ስማቸውን ያገኙት ከሚባሉበት የጸሎት ቦታ ነው። ሚበዝኁ የተባለው ከ3ኛው መዝሙር፣ ዘይእዜ የተባለው ከአረጋዊው ስምዖን ጸሎት የተወሰደ ነው። ዋዜማ በበዓል ዋዜማ ይባላል። ጉባኤ ቃና በቃና ዘገሊላ የተደረገውን ሠርግ ያስታውሳል። ከመጠን አንፃር ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ እያንዳንዳቸው 3 ቤት፣ ዋዜማ 5 ቤት፣ ሥላሴ 6 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት፣ ክብር ይእቲ 4 ቤት አላቸው፤ ዕጣነ ሞገር ደግሞ ባለ 7 እና ባለ 11 ቤት ሆኖ ይገኛል። በአንድ ቅኔ ውስጥ ያሉት ቤቶች ሁሉ በአንድ ፊደል መድረስ ይኖርባቸዋል፤ የእያንዳንዱም ቤት ርዝመት በዜማው ልክ የተወሰነ ስለ ሆነ ቃል ቢተርፍ ወይም ቢጐድል ዜማው ራሱ ያጋልጠዋል። ተማሪው ቅኔ «ቈጠረ» መባሉም ከዚህ የራቀ አይመስልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። የትምህርቱ ቅደም ተከተል ከአጭር ወደ ረዥም ብቻ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ባለ 4 ቤቱ ክብር ይእቲ ከመወድስ በኋላ ባልተቀመጠ ነበር። መሰላሉን የሠሩት ሰዎች ርዝመትን ብቻ ሳይሆን የዜማውን ጠባይና በጥቂት ቃል ብዙ የመያዝን ችግርም ጭምር አስበው ነው። ዛሬ መርሐ ትምህርት በምናዘጋጅበት ጊዜ «ከቀላል ወደ ከባድ» የሚለውን መመሪያ «ከአጭር ወደ ረዥም» በሚል እየተረጐምን ስንት ጊዜ እንደ ተሳሳትን ይህ ያስታውሰናል።

መወድስ «ወደሰ» ማለትም አመሰገነ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የውዳሴ ግጥም ማለት ነው፤ ሌሎች ሕዝቦች ለጀግና፣ ለንጉሥ ወይም ለቅዱስ የሚያቆሙት የምስጋና ግጥም በእኛ ቅኔ ቤት ይህን ቅርጽ ይዟል። ስምንቱን ቤት ለመሙላት አንድ ምሳሌ አይበቃም። ተማሪው አንድ ታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ ከመጻሕፍት፣ ይመርጣል፤ ያንን ታሪክ ከሚያመሰግነው ቅዱስ ወይም ሰው ሕይወት ጋር ያዛምዳል፤ ሁለቱም እስከ መጨረሻው ቤት ሳይላቀቁ ጐን ለጐን እንዲሄዱ ያደርጋል። በሦስተኛው ቤት የጀመረው ምሳሌ በስድስተኛው ከተሰበረ መምህሩ ወዲያው ይይዘዋል። ስለዚህ መወድስ ለመቍጠር የበቃ ተማሪ የግጥም ስልት ብቻ ሳይሆን ሐሳብን አስፍቶና አጽንቶ የመያዝ ችሎታ አግኝቷል ለማለት ይቻላል።

ወደዚህ የሚደርሰው ግን በግስ በኩል አልፎ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ አስቀድሞ የግእዝን ግሶች በአርእስታቸው፣ ማለትም በስምንት ዋና ዋና አርአያ ተከፍለው፣ ያጠናል፤ የአርእስቱ አቈጣጠር ከቤት ቤት ይለያያል። ከርባታው ቀጥሎ አገባብ ይከተላል። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ድርሰቱ አይቆይለትም። ሰዋስውን ጨርሰህ ከዚያ ትደርሳለህ የሚባል ነገር በቅኔ ቤት የለም፤ ጥቂት ግስ እንደ ያዘ በዚያችው በያዛት ግስ ጉባኤ ቃና ቍጠር ይባላል። በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ ሰምና ወርቅ አይጠየቅም፤ ግሱ በአገባቡ ከዋለና ዜማው ከሞላ ይበቃዋል። ምስጢሩ በኋላ ይመጣል። ከትምህርት ዘዴ አኳያ የቅኔ ቤት ትልቁ ጥበብ ይህ ይመስለኛል።

የቀኑ አዋዋል በአለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ጽሑፍ በሚገባ ተገልጿል። ይህን ጽሑፍ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ ታትሟል። ማታ መምህሩ በጉባኤው መካከል ተቀምጠው የራሳቸውን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምስጢሩንም ያብራራሉ። ተማሪው ያንን ይዞ ያድራል። በማግስቱ እያንዳንዱ ከባልንጀራው ተለይቶ በዛፍ ሥር፣ በወንዝ ዳር ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ደበሎውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። በሌላ ትምህርት ቤት ብቻውን ተቀምጦ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ተማሪ ቢገኝ ተቈጣጣሪው ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም። ወደ ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ይሰበሰብና ቅኔ ነገራ ይሆናል። ተማሪው የቈጠረውን በቃሉ ያሰማል፤ የኔታ ያርማሉ። ይህ ግስ ከየት መጣ፣ ይህ ስም ለማን ተቀጸለ፣ ሰሙ ወዴት ቀረ እያሉ ይጠይቃሉ። እርማቱ በጉባኤ ፊት ስለ ሚሰጥ የአንዱ ስሕተት ለሁሉም ትምህርት ይሆናል። ተማሪው ሲበዛ የበሰሉት ጀማሪዎቹን ተከፋፍለው ያስነግራሉ፤ በዚህም መምህርነትን ራሱን ይለማመዳሉ።

ሌላው ሕግ ቅኔ አለመደገሙ ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ለሌላ በዓል አይቀርብም፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራሴ ነው ማለትም በጉባኤው ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እጅግ የተደነቀው እንኳ በሰሚው ጆሮ ይቀራል እንጂ ለመድገም አይዘጋጅም። ልጁ ካለቀው ሥራ ይልቅ የመሥራቱን ልማድ እንዲይዝ የሚያደርገው ይህ ሕግ ነው። በአንፃሩ ደግሞ ብዙ ድንቅ ቅኔ ሳይጻፍ ጠፍቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔዎች ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ጉዳቱ የከፋ በሆነ ነበር።

ሰምና ወርቅ ምን እንደ ሆነ ለመምህራን ማስረዳት አያስፈልግም። ሆኖም ቅርጹ ከግእዝ ወደ አማርኛ ሲሻገር የሚደርስበትን ችግር ለማሳየት ያህል የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ የሞከረውን አንድ ጥንድ ስንኝ ያቀርባል፦

ከደጅህ ላይ ቆሞ ሌሊቱን ያደረ፣
ይግባና ይተኛ ልጅህ ከተማረ።

ሰሙ ተማሪ ለመምህሩ የሚያቀርበው ልመና ነው፤ ትምህርቱን ጨርሷልና ያሰናብቱት የሚል። ወርቁ የንስሐ ልመና ነው፤ «ተማረ» የሚለው ቃል ምሕረት አገኘ ተብሎም ይፈታልና። እስከዚህ መልካም ነው። ነገር ግን «ደጅህ»፣ «ልጅህ» የሚለው አነጋገር ለፈጣሪ ሲስማማ ለየኔታ አይስማማም፤ የኔታን አንተ የሚል ተማሪ የለም። «ደጅዎ» ቢባል ደግሞ ሰሙ ይስተካከልና ወርቁ ይጠፋል። ግእዝ ለትልቅም ለትንሽም ያው «አንተ» ስለሚል ይህ እንቅፋት በቅኔ ቤት አይገጥምም። አንድ የቅኔ መምህር ስንኞቹን ቢሰሙ ከዚህ በፊት ሌላም ነገር እንደሚነቅፉ አቅራቢው አይጠራጠርም፤ ለክፍል ውይይት ግን ጥሩ ስሕተት ከማይነቀፍ ጥቅስ የበለጠ ይጠቅማል።

ቅኔ ቤትን ስናመሰግን ያስከፈለውን ዋጋ መሸፈን አይገባም። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከየቤቱ ቍራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቆ ያድር ነበር። ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ጎጆዎቹ የመጀመሪያ ሰለባ መሆናቸው የታወቀ ነው። አእምሮ ይከፍታል እየተባለ አብሾ የሚጠጣም ነበር፤ ተክሉ መርዝ ያለው በመሆኑ ከዚያ የተነሣ የታመሙና ያበዱ እንደ ነበሩ በየደብሩ ይነገራል። ሴቶች ልጆች ወደ ጉባኤው የመግባት ዕድል አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። በጎጃም ከአባታቸው ተምረው፣ ዓይነ ሥውር ሆነው ሳለ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልዩነት ስማቸው የሚነሣ ናቸው፤ የእርሳቸው ዝና የሌሎቹን አለመኖር ይበልጥ ያጐላዋል። ከዚህም በላይ ትምህርቱ በግእዝና በአንድ ሃይማኖት ክልል ውስጥ የተወሰነ እንደ ነበረ አይዘነጋም።

አዲሱ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀምር መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ፤ ዋናው ዓላማም ቋንቋ የሚያውቁ የመንግሥት ሠራተኞችን ማፍራት ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ሁለቱ ትምህርቶች እንደ ባላንጣ ቢታዩም ሰዎቹ ግን ተሻጋሪ ነበሩ። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ዮፍታሔ ንጉሤ ለአማርኛ ቴአትር ያደረጉት አስተዋፅኦ የታወቀ ነው። በጎጃም ቅኔ ቤቶች ያደጉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የቅኔ ተማሪውን በዛብህን ዋና ባለ ታሪክ አድርገዋል። መንግሥቱ ለማም የቅኔ ሊቁ የአባታቸው የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ እየጠየቁ ጽፈው አቆይተዋል። የዘመናዊውን ሥነ ጽሑፍ መሠረት ከጣሉት መካከል ብዙዎቹ የድርሰት ልምምዳቸውን ያገኙት ከዘመናዊው ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ሰዎቹ ሲሻገሩ ዘዴው አብሯቸው አልተሻገረም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ አማርኛ በየትምህርት ቤቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ሲሆን ግጥም የሚነበብ፣ የሚሸመደድና የሚተነተን ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ቸልታ ብቻ አይደለም። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል በአርባ ደቂቃ የእያንዳንዱን ልጅ ስንኝ ማረም አስቸጋሪ ነው፤ አገር አቀፍ ፈተናም ተማሪው የደረሰውን ሳይሆን የመረጠውን መልስ ይቈጥራል። የዓለም ልማድም ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። የራስን ድርሰት በአደባባይ የማቅረብ ልማድ ያንሠራራው ይልቁንም ከክፍል ውጭ ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ይከበር በነበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥሞቻቸውን ያነቡ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. በታምሩ ፈይሳ የተነበበው «ድሃው ይናገራል» ያስነሣው መነጋገር እስከ ዛሬ ይወሳል። ወጣቱ ለመናገር የሚያስፈልገው ሐሳብ ብቻ አልነበረም፤ ቅርጽም አስፈልጎታል፤ ቅርጹንም ያገኘው ከወል ቤት ነው።

ስለዚህም ቅኔን ለማስገባት ሲባል ግእዝን በሁሉም ትምህርት ቤት ማስተማር ግዴታ ነው ማለት አይደለም። አማርኛ የራሱ መሰላል አለው። የወል ቤት በስድስትና በስድስት ቀለም ይሄዳል፤ ሰንጎ መገን አምስትና አምስት፤ ቡሄ በሉ አራትና አራት። ልጆች በቡሄ ዕለት ሲጨፍሩ ሳያውቁት ይቈጥሩታል። ሌሎቹም ቋንቋዎቻችን እንዲሁ ናቸው። የኦሮሞ ጌረርሳ የጀግና ውዳሴ ሲሆን፣ የሶማሌ ገበይ ደግሞ በየስንኙ አንድ ፊደል እየደጋገመ የሚሄድ ጥብቅ ሕግ አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ ወዲህ የየቋንቋው የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች እነዚህን ቅርጾች በምሳሌነት ማተማቸው መልካም ነው። ተማሪው በቅርጹ ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ የሚጠይቅ መልመጃ ግን አቅራቢው ባያቸው መጻሕፍት ከምዕራፍ መጨረሻ አንዲት ጥያቄ ሆኖ ነው የሚገኘው፤ ምዕራፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያልቅም።

ከዚያ ባዶ ወረቀት በኋላ አቅራቢው በክፍሉ ውስጥ የሞከረውን ለመጥቀስ ያህል፣ በሳምንት አንድ ቀን ከክፍለ ጊዜው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ለሁለት መስመር ብቻ ተመደቡ። ለአንድ ወር ምስጢር አልተጠየቀም፤ ስድስትና ስድስት ቀለም ይሙላ፣ ቤት ይምታ፣ ዐረፍተ ነገሩ ይስተካከል ብቻ ተባለ። ተማሪዎቹ በዐሥር ዐሥር ተከፍለው ፈጠን ያሉት ስድስት ልጆች አስነጋሪ ሆኑ፤ መምህሩ በየሳምንቱ የአንዱን ቡድን ብቻ በክፍሉ ፊት ያርም ጀመር። በቃል እንጂ በጽሑፍ አይቀርብም ስለ ተባለ ከመጽሐፍ መገልበጡ ቀረ። የተቃወሙም ነበሩ፤ አንድ ተማሪ ይህ በፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አይመጣም ከመባል በቀር ሌላ መልስ አልነበረም። ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አምስት መስመር የተደረሰው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ስለ ውኃ ቀጂ እናቷ ስምንት መስመር ውዳሴ አሰማች። ምሳሌዋ እንስራው ነበር፤ በአምስተኛው መስመር ላይ እንስራው ተረሳና እናትየዋ ብቻ ቀሩ። አስነጋሪዋ ይህንኑ ነገራት። ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ነገ አስተካክዬ አመጣለሁ» ብላ ተቀመጠች፤ በማግስቱም አመጣች።